ኤክሰስ ምንድን ነው? ለትንሽ ጭረት ኢንሹራንስ ጋ መሄድስ ያዋጣል?

ጅማ መርካቶ በገበያ ቀን መኪና ያቆመ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ባጃጇ በጠባብ ቦታ ሾልካ አልፋለሁ ስትል በሩን ከእጀታው እስከ ኋላ ፓራፋንጎ ትልጠዋለች። ሰው ይሰበሰባል፣ አንዱም «ሙሉ ኢንሹራንስ አለህ አይደል፣ ምን አስጨነቀህ?» ይላል። ቀና ምክር ነው፣ ግን ኤክሰስን ረስቷል።

ኤክሰስ ከጉዳቱ ላይ ባለመኪናው ከኪሱ የሚሸፍነው ድርሻ ነው። ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ከዚያ በላይ ያለውን ነው። መጠኑ ፖሊሲያችሁ (የኢንሹራንስ ውላችሁ) ላይ አለ፤ አንዳንዱ ቁርጥ ያለ ብር ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ የጉዳቱ በመቶኛ ሆኖ «ከዚህ አያንስም» ይላል። የጥገናው ዋጋ ኤክሰሱን ካልዘለለ ከኢንሹራንሱ የምታገኙት የለም።

ከዘለለስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ዓመቱን ያለ ክሌም፣ ማለትም ካሳ ሳይጠይቅ፣ ያሳለፈ ሰው ውሉን ሲያድስ ቅናሽ ያገኛል፣ ክሌም ካቀረበ ግን ሊያጣው ይችላል። ለምሳሌ ጥገናው 9,000 ብር፣ ኤክሰሱ 5,000 ይሁን። የምታገኙት 4,000 ነው። ዓመታዊ አረቦናችሁ (ለኢንሹራንሱ የምትከፍሉት) 30,000 ሆኖ የ20 በመቶ ቅናሽ ብታጡ ግን 6,000 ብር ሄደ፣ ማለትም ክሌሙ 2,000 አከሰራችሁ፣ ለወረቀቱ የተመላለሳችሁበትን ሳንቆጥር።

ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት ጋራዥ ሄዳችሁ ፕሮፎርማ አውጡ። በዓይን ግምት አትመኑ። ከላይ ጭረት ብቻ የመሰለ ፓራውልት ሲፈታ ከውስጥ የያዘው ብረት ታጥፎ፣ የፍሬቻው ማሰሪያም ተሰብሮ ሊገኝ ይችላል፤ ላሜራ፣ ስቱኮና ቀለም ሲደመር ሒሳቡ ሌላ ነው።

ይህ ሁሉ ስሌት የሚሠራው ግን ጉዳቱ የራሳችሁ መኪና ላይ ብቻ ሲሆን ነው። ሰው ከተነካ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ወይም የሌላ ሰው ንብረት ከተጎዳ፣ ለትራፊክ ፖሊስም ለኢንሹራንሱም ወዲያው ንገሩ። ዛሬ «ደህና ነኝ» ያለ ሰው ነገ ሊታመም ይችላል። ማሳወቅና ካሳ መጠየቅ ደግሞ አንድ አይደሉም፤ አሳውቃችሁ የራሳችሁን ጥገና ራሳችሁ መክፈል ትችላላችሁ። መንገድ ላይ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እከፍላለሁ» ብሎ መስማማትም አደገኛ ነው፣ ብዙ ፖሊሲ ያለ ኢንሹራንሱ ፈቃድ ጥፋት ማመንን ይከለክላልና።

ጥፋቱ የባጃጁ ከሆነስ? አዋጅ ቁጥር 799/2005 ተሽከርካሪ ያለ ሶስተኛ ወገን መድን፣ ማለትም በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍል ኢንሹራንስ ሳይኖረው፣ እንዳይነዳ ይከለክላል። በፖሊስ ሪፖርት ጥፋተኛነቱ ከተረጋገጠ የእናንተን በር የሚከፍለው፣ እስከተፈቀደው ጣሪያ ድረስ፣ የእሱ መድን ነው፤ የእናንተ ኤክሰስ አይነካም። ስለዚህ ሰዉ ሳይበተን ታርጋውን፣ መስታወቱ ላይ ያለውን የመድን ስቲከርና ጭረቱን ፎቶ አንሱ። በሩንም ኢንሹራንሱ ሳያየው ቀለም አታስቀቡት።