ሾትገን ስታርት ምንድን ነው? የዲስክ ጎልፍ ውድድር አጀማመር

በቨርጂኒያው በርክ ሌክ ፓርክ ወይም በኮሎራዶ ኦሮራ ኤክስፖ ፓርክ ሥጋ ሊጠብስ የወጣ ሰው፣ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ቆሞ ሳያይ አይቀርም። የቆሻሻ መጣያ መስሎት ሶፍት የጣለበትም አይጠፋም። የዲስክ ጎልፍ ቅርጫት ነው። ተጫዋቹ ከመነሻው ዲስኩን፣ ሳህን መሳይ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ፣ ይወረውራል። የወደቀበት ድረስ ሄዶ ከዚያው እንደገና ይወረውራል። እንዲህ እያለ ሰንሰለቱን መትቶ ቅርጫቱ ውስጥ ያሳርፋል። በትንሽ ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። ሙሉ ሜዳ አብዛኛውን ጊዜ 18 ቅርጫት አለው።

ጨዋታው ትውልዱ አሜሪካ ነው። ፍሪዝቢ የተባለውን ዲስክ የሚያመርተው የዋም-ኦ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ኤድ ሄድሪክ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ካሊፎርኒያ ኦክ ግሮቭ ፓርክ ውስጥ የመጀመሪያውን ቋሚ ሜዳ ሠራ። በዓመቱ ዛሬ የዓለም ውድድሮችን የሚመራውን ማኅበር፣ ፒዲጂኤን፣ መሠረተ። የአባልነት ቁጥሩም 1 ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሞት በኑዛዜው መሠረት አመዱ ከፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ ዲስክ ተሠራበት። ፍቅር ከዚህ በላይ ምን አለ?

ወደ ጉዳያችን እንግባ። አንድ የሰፈር ክለብ የአንድ ቀን ውድድር አሰናዳ እንበል። 72 ሰው ተመዘገበ። ሜዳው አንድ ነው። ማን መቼ ይጀምራል?

የተለመደው መንገድ ተራ በተራ ነው። አራት አራት ሆነው ከ1ኛው ቅርጫት መነሻ በየ10 ደቂቃው ይነሳሉ። 72 ሰው ለአራት ሲካፈል 18 ቡድን ነው። የመጀመሪያው ቡድን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከጀመረ የመጨረሻው የሚጀምረው 5 ሰዓት ሊሆን ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው ነው። አንድ ዙር ሦስት ሰዓት ገደማ ከፈጀ፣ የመጨረሻዎቹ ሲጨርሱ ቀኑ ተጋምሷል። ሁለተኛ ዙር ለማጫወት ካሰባችሁ ሌሊቱን ፋኖስ ማዘጋጀት ነው።

ሾትገን ስታርት ለዚህ ችግር የተገኘ መላ ነው። ሁሉም ቡድን በአንድ ቅጽበት ይጀምራል፤ የሚጀምረው ግን ከተለያየ ቅርጫት ነው። አንዱ ቡድን 1ኛው ላይ፣ ሌላው 2ኛው ላይ፣ ሌላው 18ኛው ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ምልክቱ ሲሰማ 72ቱም መጫወት ይጀምራሉ። ከ7ኛው የተነሳ ቡድን 8፣ 9 እያለ እስከ 18 ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ 1 ዞሮ 6ኛው ላይ ያበቃል። ሁሉም 18ቱን ይጫወታል፣ ሁሉም በተቀራራቢ ሰዓት ይጨርሳል። የታላቁ ሩጫን አነሳስ አስቡት። እዚያ ሺዎች በአንድ ሰዓት ከአንድ ቦታ ይነሳሉ፤ እዚህ በአንድ ሰዓት ከ18 ቦታ።

ሐሳቡ የተወሰደው ከኳሱ ጎልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ዋሽንግተን ግዛት ዋላ ዋላ ከተማ ያለ አንድ የጎልፍ ክለብ ውስጥ፣ ውድድሩን ለማስጀመር ሾትገን የሚባለው ጠመንጃ ተተኮሰ ይባላል። ዛሬ የሚተኩስ የለም። የመኪና ጥሩምባ ወይም በእጅ የሚያዝ ጡሩንባ ይበቃል። ሁለት ደቂቃ ሲቀር የማስጠንቀቂያ ድምፅ ይሰማል፣ ቀጥሎ የማስጀመሪያው። ያቺው ጡሩንባ መብረቅ ከመጣ ጨዋታውን ለማቋረጥም ታገለግላለች።

እስካሁን ያወራነው ስለ ሰዓት ነው። እኔ ግን ሾትገን ስታርትን የምወደው በሌላ ምክንያት ነው። ሰው ይሰበስባል። በተራ በሚጀመር ውድድር እያንዳንዱ ሰው በራሱ ሰዓት ይመጣል፣ ተጫውቶ መኪናው ውስጥ ይገባል። የ2 ሰዓቱ ቡድን የ5 ሰዓቱን ሳያይ ይሄዳል። ሁሉም አብሮ ሲጀምር ግን ከመጀመሩ በፊት አንድ ቦታ መሰብሰብ ግድ ነው። እንግዳ መቀበል የሚቻለውም ያኔ ነው።

ስለዚህ የአዘጋጁ ሥራ የሚጀምረው ከዋዜማው ነው። አብረው የሚጫወቱትን ሰዎች «ካርድ» ይሏቸዋል፤ ውጤታቸው አብሮ ስለሚመዘገብ ነው። በፒዲጂኤ ደንብ አንድ ካርድ ከሦስት ሰው አያንስም፣ ከአምስት አይበልጥም። ሰዎቹ የሚመደቡት በምድብ ነው። ፕሮፌሽናል፣ አማተር፣ ጀማሪ፣ ሴቶች፣ በዕድሜ የገፉ፣ ልጆች። አንድ ምድብ ላይ ያሉት ጎን ለጎን ካሉ ቅርጫቶች ቢነሱ መልካም ነው። ልጆቹንና በዕድሜ የገፉትን ግን ሜዳው ጥግ ያለ ቅርጫት ላይ መመደብ ግፍ ነው። ገና ሳይጀምሩ ሩብ ሰዓት ዳገት ወጥተው ይደክማሉ።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱን ካርድ እየተከተለ የሚዳኝ ሰው የለም። ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው ደንቡን የሚያስከብሩት፣ ውጤቱንም የሚጽፉት። በእያንዳንዱ ቅርጫት መጨረሻ ጸሐፊው ስም ይጠራል፣ ባለቤቱ «አራት» ብሎ ጮክ አድርጎ ይመልሳል፣ ሌሎቹ ይሰማሉ። ስለዚህ አራቱም አዲስ የሆኑበት ካርድ ችግር ነው። ቢያንስ አንድ ደንብ የሚያውቅ፣ በተለይም ፊቱ የማይከብድ ሰው መሃላቸው ይግባ። ጎበዝ ተጫዋች መሆኑ ግዴታ አይደለም። ትዕግሥተኛ መሆኑ ግን ግዴታ ነው።

ጠዋት መጀመሪያ የሚሠራው ጠረጴዛው ነው። ስም ይረጋገጣል፣ ክፍያ ይጠናቀቃል፣ የተሳታፊ ስጦታ ይሰጣል፦ አብዛኛውን ጊዜ የውድድሩ ማኅተም ያለበት ዲስክ። እዚሁ ላይ «ኤስ ፑል» የሚባል ነገርም አለ። የፈለገ ጥቂት ዶላር ያዋጣል፤ በአንድ ውርወራ ቅርጫት ያስገባ ይወስደዋል። ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ሰው ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፦ «እዚህ ሜዳ ተጫውተህ ታውቃለህ?» መልሱ «አላውቅም» ከሆነ ካርታ ይሰጠው፣ መነሻ ቅርጫቱም የት እንደሆነ በጣት ይጠቆምለት። ብዙ አዘጋጆች የሚዘሉት ይህንን ነው። ከዚያ ጡሩንባው ሊነፋ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ጫካ ለጫካ «13ኛው በየት ነው?» እያለ የሚሮጥ ሰው ታያላችሁ።

ቀጥሎ የተጫዋቾች ስብሰባ ነው። ዳይሬክተሩ ከፍ ያለ ነገር ላይ ይወጣል፣ ብዙ ጊዜ የፓርክ አግዳሚ ላይ። ሰው ቡናውን ይዞ ይከባል። ጥሩ ዳይሬክተር ጫወታውን ከሚነካው ነገር ይጀምራል፦ «4ኛው ላይ ውሃው ከወሰን ውጭ ነው፣ የገባ አንድ ቅጣት ይቆጠርበታል። 9ኛው አጠገብ የእግረኛ መንገድ አለ፤ ሰው እያለ ማንም እንዳይወረውር። ዲስካችሁ ወደ ሰው ከሄደ ፎር! ብላችሁ ጩኹ። መጸዳጃው 11ኛው ጀርባ ነው።» ከዚያ በጎ ፈቃደኞቹን ያመሰግናል፣ ስፖንሰር ካለ ይጠራል፣ መጀመሪያ ጊዜ የሚወዳደር እጅ እንዲያወጣ ይጠይቃል። ይጨበጨብለታል። በቃ። ከዐሥር ደቂቃ ካለፈ ማንም አይሰማም። ስፖንሰሩን ሃያ ደቂቃ አመስግኖ ስለ ውሃው የረሳ ዳይሬክተር፣ ቀኑን ሙሉ በስልክ ሲጨቃጨቅ ይውላል።

ከስብሰባው እስከ ጡሩንባው ድረስ ደግሞ ሜዳው ጥግ ያለው ቅርጫት ድረስ ለመራመድ የሚበቃ ጊዜ መተው አለበት። አዘጋጁ በራሱ እግር ሞክሮ ሰዓቱን ቢይዝ ጥሩ ነው፤ በሱ እርምጃ ሳይሆን ከባድ ሻንጣ በተሸከመ ሰው እርምጃ።

አሁን የአበሻ ቀጠሮ ለለመድን ሰዎች መጥፎ ዜና። ሾትገን ስታርት አይጠብቅም። ተራው ደርሶ ሠላሳ ሴኮንድ ውስጥ ያልተገኘ ሰው፣ ላመለጠው ቅርጫት ፓር ሲደመር አራት ይጻፍበታል። ፓር ማለት ቅርጫቱ ያልቅበታል ተብሎ የሚታሰበው የውርወራ ብዛት ነው። ፓሩ ሦስት ከሆነ ያልነበረው ሰው ሰባት ተቆጠረበት ማለት ነው፣ ዲስክ ሳይነካ። ሁለት ቅርጫት ካመለጠው ዋንጫውን ይርሳው። ታዲያ አዲስ ሰው ሲጋበዝ ይህ ነገር አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። «ጠዋት ና» አይበቃም።

እንከን የለውም ወይ? አለው። ረጅም ቅርጫት ከአጭር ቅርጫት ቀጥሎ ሲመጣ ትራፊክ ይፈጠራል። አጭሩን ቶሎ የጨረሰ ካርድ ረጅሙ መነሻ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ኋላው ሌላ ካርድ ይደርሳል። ሁሉም ቅርጫት ላይ ሰው ስላለ መጨናነቁ የሚተነፍስበት ባዶ ቦታ የለም። ከ90 ሰው በላይ ከመጣ ደግሞ አምስት አምስት ሆነውም አይበቁም፤ አንዳንድ ቅርጫት ላይ ሁለት ካርድ ይመደባል፣ ሀ እና ለ ተብሎ። እኔ ከዚያ ይልቅ ምዝገባውን በ72 መዝጋት ይሻለኛል። አምስት ሰው ያለበት ካርድ ያንቀላፋል። ሌላው እንከን፣ መሪዎቹን ቆሞ ማየት ለሚፈልግ ተመልካች አይመችም። ሁሉም በየቦታው ተበትኗል። ካሜራ የሚከተላቸው ትልልቅ የፕሮፌሽናል ውድድሮች ለዚህ ነው ተራ በተራ የሚጀምሩት፣ መሪዎቹን መጨረሻ ላይ አድርገው።

የሰፈር ውድድር ግን ካሜራ የለውም፤ ምሳ ነው ያለው። የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ሰው ከየአቅጣጫው በሩብ ሰዓት ልዩነት ተግተልትሎ ይመለሳል። ጥብሱ ለሁሉም ትኩስ ይደርሳል። 72 ሰው አንድ ላይ ሲሰለፍ አንድ የጥብስ ምድጃ ስለማይበቃ ሁለት ይዘጋጅ። እየተበላ ውጤቱ ይደመራል፣ ለሁለተኛው ዙር አዲስ ካርዶች ይወጣሉ። አሁን የሚመደበው በውጤት ነው፤ በየምድቡ መሪዎቹ አብረው ይጫወታሉ። ብዙ አዘጋጆች መሪውን ካርድ 1ኛው ቅርጫት ላይ ያስቀምጡታል። የሚጨርሰው 18ኛው ላይ፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ በሚጠብቅበት አጠገብ እንዲሆን ነው። ከኋላ ያሉትን አዲሶች ደግሞ ወደ መሰብሰቢያው የሚቀርብ ቅርጫት ላይ ማብቂያቸውን ማድረግ ይቻላል። ያለዚያ ሽልማቱ ሲሰጥ እነሱ ገና ጫካ ውስጥ ናቸው።