የራስ ኃይሉ ልጅና የአባይ መሻገሪያ

የጣሊያን አገዛዝ በጎጃም ሲፈርስ (1933 ዓ.ም.) በላይ ዘለቀ፣ አባ ኮስትር፣ የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ልትዳርለት ቃል ተገብቶለት የሸሸውን ጦር አሳለፈ ይባላል። ወሬው በአብዛኛው የወጣው ከአርበኞች ጋር ሆኖ ጣሊያንን በጎጃም ከወጋው፣ በእንግሊዞች ከሚመራው የጌዴዎን ጦር ጋር ከነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች ብዕር ነው።

የራስ ኃይሉ አባት፣ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ቤት ልጅ መዳርን ለፖለቲካ ሲያውለው ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። ራስ ኃይሉ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን በ1902 ለልጅ ኢያሱ ድረዋል፤ ኢያሱን ከእስር ለማስመለጥ ሞክረዋል ተብለው ግዛታቸውን ያጡትም በ1924 ነው። ጣሊያኖች መልሰው ወደ ጎጃም የላኳቸው የአገሬው ሰው ይሰማቸዋል ብለው ነው።

የትልቅ ሰው ልጅ የምትዳረው ሽማግሌ ተልኮ፣ ዋስ ተጠርቶ፣ ማጫ ተቆርጦ ነው። በሰማንያ ከሆነ ቢፋቱ ንብረት ይካፈላሉ፤ ቁርባን ከሆነ ግን መፋታት የለም። ከወረራው በፊት ሽፍታ ለነበረው በላይ እንዲህ ያለ ጋብቻ ገንዘብ የማይገዛው ነገር፣ ከንጉሥ ዘር መቀላቀል ነው።

ጣሊያኖች ቡሬን በየካቲት መጨረሻ፣ ደብረ ማርቆስን በመጋቢት መጨረሻ ለቀቁ፤ ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ገቡ። የኮሎኔል ማራቬንታኖ ጦር ወደ አባይ ወረደ። ከደጀን እስከ ወንዙ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ስለሚወርድ ወታደሩ፣ ሴቱ፣ ሕፃኑና የጭነት ከብቱ አንድ ረጅም ሰልፍ ይሆናል። ፊተኛው ታች ሲደርስ ኋለኛው ገና ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ከላይ ጥቂት መትረየስ ቢያዝ ወደኋላ መመለሻም የለ። ጦሩ ግን ተሻገረ፤ ግንቦት 15 አጅባር ላይ ለጌዴዎን ጦር አዛዥ ለዊንጌት እጁን ሲሰጥ ከ1,000 በላይ ጣሊያኖችና 7,000 ያህል የአገር ተወላጅ ወታደሮች ነበሩበት።

በላይ መንገዱን ያልዘጋው ለጋብቻው ብሎ ነው ማለት ግን አምስት ዓመት ሙሉ ጎጃምን ላላስደፈረ አርበኛ የማይመጥን ክስ ነው። ሽምግልናው ተጀምሮ ሊሆን ይችላል፤ ራስ ኃይሉ እንዲህ ያለውን መንገድ ያውቁበታል። የእንግሊዝ መኮንኖች ደግሞ ጠላት ሲያመልጣቸው ተጠያቂ ያስፈልጋቸው ነበር።

በላይ ከነጻነት በኋላ ደጃዝማች ተባለ። በ1937 አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ሲቀጣ አብሮት ከተሰቀሉት አንዱ የራስ ኃይሉ ልጅ ማሞ ኃይሉ ነው።