«ሽታው ጠፍቷል፣ ግባ!»፦ በነዳጅና ጋዝ ተቋማት የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በነዳጅ ዴፖ፣ በማጣሪያ ወይም በጋዝ ማምረቻ ለሚቀጠር ሰው የሚሰጠው ሥልጠና ብዙ ጊዜ በስላይድና በፊርማ ያልቃል። ከዚያ በኋላ አዲሱን ሠራተኛ የሚያሠለጥነው አብሮት የተመደበው ነባር ነው። ነባሩ ሙያውን ሲያስተምር ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን ወሬም አብሮ ያስተላልፋል። ሰው ከሚያስገድሉት ወሬዎች የተወሰኑት እነዚህ ናቸው።

«ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ካለ ይሸታል፤ ካልሸተተ የለም»

ሃይድሮጅን ሰልፋይድ መርዛማ ጋዝ ነው፤ መሽተቱስ ይሸታል። የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታው ከ1 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል አንዱ) በታች እንኳ ይታወቃል። ችግሩ መጠኑ ወደ 100 ፒፒኤም ሲደርስ ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ አፍንጫን ያደነዝዛል። ሰውየው «አሁን ተሻለ» የሚለው ልክ በዚያ ሰዓት ነው። ከ500 ፒፒኤም በላይ በደቂቃዎች ውስጥ ራስን ያስታል፤ ከ1000 በላይ ከሆነ አንድ ሁለት ትንፋሽ ይበቃል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድ ውስጥ፣ በፍሳሽ ቦይና በታንክ ወለል ላይ ይተኛል። ጠዋት ሲለካ ንጹሕ የነበረ ታንክም ዝቃጩ በአካፋ ሲነካ ያፈነውን ጋዝ ይለቃል። ስለዚህ የጋዝ መለኪያው ሥራው እስኪያልቅ መጥፋት የለበትም። የሚንጠለጠለውም በወገብ ቀበቶ ላይ ወይም ጃኬት ውስጥ ሳይሆን ለአፍንጫ ቅርብ ሆኖ አንገትጌ አካባቢ ነው። በብዙ ተቋማት 10 ፒፒኤም ላይ ይጮሃል። ሲጮህ ትንፋሽ ይያዛል፤ የነፋስ አመልካቹን አይቶ መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ከዚያ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ መሸሽ ነው።

«መለኪያው ዜሮ ካለ መግባት ይቻላል»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንየው። ተቀጣጣይ ጋዝ የሚለካው የተለመደው ሴንሰር ጋዙን በትንሹ እያቃጠለ ነው የሚሠራው፤ ለማቃጠል ደግሞ ኦክስጅን ይፈልጋል። በናይትሮጅን ታጥቦ ኦክስጅኑ የወጣለት ታንክ ውስጥ ትነት ሞልቶም ሴንሰሩ ዜሮ ሊያሳይ ይችላል። መጀመሪያ ኦክስጅን፣ ቀጥሎ ተቀጣጣይ ጋዝ፣ በመጨረሻ መርዛማ ጋዝ የሚለካው ለዚህ ነው። ንጹሕ አየር 20.9 በመቶ ኦክስጅን አለው፤ ከ19.5 በታች ወይም ከ23.5 በላይ ከሆነ መግባት የለም።

የተቀጣጣይ ጋዙ ቁጥርም ያደናግራል። ስክሪኑ ላይ «10» ሲል አየሩ ውስጥ 10 በመቶ ጋዝ አለ ማለት አይደለም፤ ለመቀጣጠል ከሚያስፈልገው ዝቅተኛ መጠን ዐሥር በመቶው ተደርሷል ማለት ነው። ቤንዚን በአየር ውስጥ 1.4 በመቶ ሲሞላ ስለሚቀጣጠል፣ «10» ማለት 0.14 በመቶ ትነት ነው። መግባት የሚከለከለውም ከዚያ ጀምሮ ነው። ቁጥሩ በፍጥነት ወደ ላይ ተወርውሮ ተመልሶ ዜሮ ላይ ቢወድቅ ደስ አይበላችሁ፤ ትነቱ ከመጠን በላይ ስለበዛ ሴንሰሩ ማቃጠል አቅቶት ነው።

የታንኩ አፍ ላይ ብቻ መለካትም አይበቃም፤ ላይ፣ መሃልና ታች ይለካል። ናሙናው በቱቦ ከተሳበ ደግሞ ለየ30 ሴንቲ ሜትሩ 2 ሰከንድ ገደማ፣ በዚያ ላይ ሴንሰሩ ራሱ የሚፈጀውን ጊዜ መጠበቅ ያስፈልጋል። ቱቦውን ከትቶ ወዲያው ያወጣ ሰው የለካው ውጭ ያለውን አየር ነው። ሌላው ጣጣ የሞተ ሴንሰርም ዜሮ ማሳየቱ ነው። ሲሊኮን ያለበት ስፕሬይ ወይም ቅባት ሴንሰሩን ይገድለዋል። በየዕለቱ ከሥራ በፊት መጠኑ የታወቀ ጋዝ ተነፍቶበት መጮሁ የሚረጋገጠው ለዚህ ነው። ዜሮ የሚደረገውም ንጹሕ አየር ላይ ነው እንጂ ሞተሩ ከሚጨስ መኪና አጠገብ አይደለም።

«ጓደኛ ሲወድቅ ቆሞ ማየት ነውር ነው፤ ማስክ አድርጎ መግባት ነው»

ክፉ ወሬ ቢኖር ይህ ነው፤ ጀግንነት መስሎ ስለሚመጣ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም (ናዮሽ) በ1986 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ በጠባብና በታፈነ ቦታ ከሞቱት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሌላውን ለማዳን የገቡ ነበሩ። በር ላይ የሚቆመው ጠባቂ ሥራው በሬዲዮ እርዳታ መጥራትና የወደቀውን ከውጭ መሳብ ነው። ለዚህ ደግሞ የሚገባው ሰው ከመግባቱ በፊት የደኅንነት ቀበቶ ታጥቆ፣ ገመዱ በሦስት እግር ማቆሚያው ላይ ካለው መጠቅለያ ጋር መያያዝ አለበት። ከወደቀ በኋላ ገመድ ፍለጋ አይሮጥም።

ማጣሪያ ያለው ማስክ አየር ያጣራል እንጂ ኦክስጅን አይፈጥርም። የሚያስፈልገው በጀርባ የሚታዘል የአየር ሲሊንደር ነው። 6.8 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ300 ባር ግፊት ሲሞላ 2000 ሊትር ገደማ አየር አለው። በደቂቃ 40 ሊትር ሲተነፈስ 50 ደቂቃ ይሆናል፤ ሰው ሲጎትቱ ግን ትንፋሽ እጥፍ ስለሚሆን 25 ደቂቃም ላይሞላ ይችላል። 55 ባር አካባቢ ላይ አየሩ ማለቁን የሚያስጠነቅቀው ፉጨት ሲጀምር ውጭ መገኘት ይገባል። ያልተላጨ ጢም ደግሞ ማስኩ ፊት ላይ እንዳይገጥም ያደርጋል፤ በዚህ ድርድር የለም።

«ቫልቩን ዘግቼዋለሁ፣ ቡሎኑን ፍታ»

የተዘጋ ቫልቭ ያስተላልፋል። መቀመጫው ይበላል፣ ዝገትና አሸዋም መሃሉ ይገባል። ሰው የሚገባበት ወይም በእሳት የሚሠራበት መስመር በብረት ሰሌዳ ይደፈናል፤ ውስጡ ያለው ይፈስሳል፣ ግፊቱም ዜሮ መሆኑ ይታያል። ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው ብሬከር በሠራተኛው በራሱ ቁልፍ ይቆለፋል። ቁልፉ ኪሱ ከገባ በኋላ የማስነሻውን ቁልፍ ተጭኖ አለመነሳቱን ማየት አይዘለል።

በሰሜን ባሕር የነበረው የፓይፐር አልፋ የነዳጅና ጋዝ ማውጫ መድረክ ሐምሌ 6 ቀን 1988 እ.ኤ.አ. ሲነድ 167 ሰው ሞቷል። ከአንደኛው ፓምፕ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ለምርመራ ተነሥቶ ቦታው በሰሌዳ ተሸፍኖ ነበር። ሰሌዳው ግን ግፊት እንዲችል ሆኖ አልታሰረም። ማታ ሁለተኛው ፓምፕ ሲቆም፣ ተረኞቹ ቫልቩ መነሣቱን ሳያውቁ የመጀመሪያውን አስነሡ። ፈረቃ ሲቀየር ያልተዘጉ የሥራ ፈቃዶች አንድ በአንድ የሚነበቡት፣ ቢቻል መሣሪያው አጠገብ ተቆሞ የሚታዩት፣ ለዚህ ነው።

«ሰርተፊኬት ካለኝ ሠልጥኛለሁ»

ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚሄዱ ልጆች ለዚህ ወረቀት ብዙ ብር ያወጣሉ። በባሕር መድረክ ለሚሠሩ የሚሰጠው መሠረታዊ ሥልጠና፣ ውኃ ውስጥ ከተገለበጠ ሄሊኮፕተር መውጣትን ጨምሮ፣ የሚያገለግለው 4 ዓመት ነው። ጠቃሚ ነው፤ ግን የምትሠሩበትን ፓምፕና መስመር አያስተምርም። ከመክፈላችሁ በፊት ሲሊንደሩን አዝላችሁ ጭስ ውስጥ ትሄዱ እንደሆነ፣ መለኪያውንም በእጃችሁ ትፈትሹ እንደሆነ ጠይቁ።

«ግራውንድ ለቤንዚን ነው፤ ናፍጣ ምን ይሆናል?»

ባለፈው ጉዞ ቤንዚን የጫነ ቦቴ አሁን ናፍጣ ሲሞላ አደጋው ይብሳል። ባዶ በተባለው ክፍል የቀረውን የቤንዚን ትነት ናፍጣው እየመጠጠ፣ ለመቀጣጠል ከመጠን በላይ በዝቶ የነበረውን ትነት ወደሚቀጣጠልበት መጠን ያወርደዋል። ናፍጣውም በቱቦ ሲሮጥ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። ስለዚህ የቱቦው አፍ በፈሳሹ እስኪዋጥ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ1 ሜትር መብለጥ የለበትም፤ በ4 ኢንች ቱቦ በደቂቃ 470 ሊትር ገደማ ማለት ነው። የግራውንዱ (የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ) መቆንጠጫ፣ ክዳን ከመከፈቱ በፊት ይታሰራል፤ ቀለም ላይ ሳይሆን ባዶ ብረት ላይ። የሚፈታው መጨረሻ ነው። ሞልቶ እንዳለቀም ቶሎ መለኪያ ዘንግ አይከተትም፤ ለቦቴ ጥቂት ደቂቃ፣ ለትልቅ ማከማቻ ታንክ 30 ደቂቃ ይጠበቃል።