ማስረጃ ላይ የተመሠረተ አስተዳደርና የግል ክሊኒክ በአሜሪካ ኦኩፔሽናል ቴራፒ

ኦኩፔሽናል ቴራፒ በሕመም፣ በአደጋ፣ በእርጅና ወይም አብሮት በተወለደ ጉዳት ምክንያት የዕለት ኑሮውን ማከናወን ያቃተው ሰው መልሶ ለብሶ፣ በልቶ፣ ጽፎ፣ አብስሎ እንዲኖር የሚያግዝ የጤና ሙያ ነው። ስሙን «የሥራ ሕክምና» ብሎ መተርጎም ያሳስታል። ሙያው «ኦኩፔሽን» የሚለው ደመወዝ የሚያስገኘውን ሥራ ብቻ አይደለም፤ ቡና ማፍላትም፣ ልጅ ማጠብም፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደርሶ መመለስም ይገባበታል። እዚህ የምንዳስሰው የሕክምናውን ዘዴ ሳይሆን ክሊኒክ የከፈተ ቴራፒስት ቤቱን በምን መረጃ እንደሚያስተዳድር ነው። መዝገቡ በደንብ የተቀመጠው አሜሪካ ስለሆነ ትኩረታችን እዚያ ነው፤ ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አመጣጥ

የሙያው ማኅበር የተመሠረተው መጋቢት 15 ቀን 1917 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ፣ ክሊፍተን ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ ነው። ከመሥራቾቹ መካከል አርክቴክቱ ጆርጅ ባርተን፣ የአእምሮ ሐኪሙ ዊልያም ራሽ ደንተን እና ኤሊኖር ክላርክ ስላግል ይገኙበታል። ባርተን ራሳቸው ታመው ያገገሙ ሰው ነበሩ፤ ስብሰባው የተካሄደበትን «ኮንሶሌሽን ሃውስ» የተባለ ቤትም ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። አንድ ቴራፒስት በራሱ ስም ክሊኒክ ከፍቶ ሜዲኬርን (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነውን የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን) ማስከፈል የቻለው ግን ከ1987 ወዲህ ነው።

«ማስረጃ» የሚለው ቃል ወደ ሙያው የገባው ከሕክምናው ዓለም ነው። ዴቪድ ሳኬትና ባልደረቦቻቸው በ1996 ባወጡት ታዋቂ ጽሑፍ ማስረጃን፣ የባለሙያን ልምድና የታካሚን ምርጫ አንድ ላይ አስተሳሰሩ። በ2000 ማርጎ ሆልም በሙያው ትልቁ በሆነው የስላግል ሌክቸር፣ ቴራፒስቶች የሚሠሩትን ለምን እንደሚሠሩ በማስረጃ የማስረዳት ግዴታ አለባቸው ብለው ተከራከሩ። በ2005 ደግሞ ዴኒስ ሩሶ የአስተዳደር ምሁራን ማኅበር የሆነው የአካዳሚ ኦፍ ማኔጅመንት ፕሬዚዳንት ሆነው ባደረጉት ንግግር ተመሳሳዩን ጥያቄ ለሥራ አስኪያጆች አቀረቡ፤ ሐኪም በማስረጃ እንዲሠራ የምንጠይቅ ከሆነ ሥራ አስኪያጅ ለምን ይቀርለታል? ክሊኒክ ያለው ቴራፒስት የጤና ባለሙያም ሥራ አስኪያጅም ነውና ጥያቄው ከሁለት በኩል ይደርሰዋል።

ሙያው የሚተማመንባቸው ጥናቶች

በ1997 የታተመው የሳውዝ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የአረጋውያን ጥናት አሁንም በኩራት ይጠቀሳል። ፍሎረንስ ክላርክ የመሩት ይህ ጥናት ሎስ አንጀለስ ውስጥ ራሳቸውን ችለው የሚኖሩ 361 አረጋውያንን በሦስት ምድብ ከፍሎ 9 ወር ተከታተለ። አንዱ ምድብ ኦኩፔሽናል ቴራፒ አገኘ፣ ሁለተኛው በማኅበራዊ መዝናኛ ተሳተፈ፣ ሦስተኛው ምንም አልተደረገለትም። ጥቅም ያገኘው የመጀመሪያው ነው፤ መዝናኛው ብቻውን ምንም ካላገኙት የተለየ ውጤት አላሳየም። «እናንተ እኮ ሰው ታጫውታላችሁ» ለሚል ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም።

በስትሮክ የደከመን እጅ በሚመለከት በ2006 የወጣው የኤክሳይት ሙከራ ከዋና ዋናዎቹ አንዱ ነው። ስትሮክ ከያዛቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸው 222 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ሕክምናውን ያገኙት ሰዎች ለ2 ሳምንት ደህናው እጃቸው ላይ ጓንት እያጠለቁ፣ በደከመው እጅ በቀን እስከ 6 ሰዓት ተለማመዱ። ውጤቱ ጥሩ ነበር፤ ችግሩ ክሊኒክ ውስጥ ነው። በቀን 6 ሰዓት የሚከፍል መድን ሰጪ አይገኝምና ክሊኒኩ አሳጥሮ ይሠራዋል፤ ያጠረው ደግሞ የተጠናው ሕክምና አይደለም። ብዙ ሥራ አስኪያጆች የሚሳሳቱትም እዚሁ ላይ ነው፤ የጥናቱን ስም ማስታወቂያቸው ላይ ይለጥፉና መጠኑን ይተዉታል።

ለሥራ ፈጣሪ የሚመቸው ምሳሌ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሣራ ሻንተን መሪነት የተቀረጸው «ኬፐብል» የተባለው ፕሮግራም ነው። ከ4 እስከ 5 ወር ባለ ጊዜ ቴራፒስቱ እስከ 6 ጊዜ፣ ነርሷ እስከ 4 ጊዜ ቤት ድረስ ይሄዳሉ፤ ከዚያ አናጺ መጥቶ በ1,300 ዶላር ገደማ በጀት የደረጃ መያዣ ይገጥማል፣ የተነቀለ ወለል ይጠግናል፣ መታጠቢያ ቤት መደገፊያ ብረት ይተክላል። አጠቃላይ ወጪው ለአንድ ሰው 3,000 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ በሕክምና ወጪ የሚተርፈው ከዚያ በብዙ እንደሚበልጥ ጥናቶቹ አሳይተዋል። መደበኛው ሜዲኬር ግን ለአናጺው አይከፍልም፤ ቁጠባው የሚገባው አንድ ኪስ፣ ወጪው የሚወጣው ከሌላ ኪስ ነው።

ሜዲኬርና ደቂቃው

ክሊኒኩን የሚያቆመውም የሚጥለውም ክፍያው ነው። በ1997 የወጣው የበጀት ሕግ ሜዲኬር ለአንድ ታካሚ ኦኩፔሽናል ቴራፒ በሚከፍለው ላይ በዓመት የ1,500 ዶላር ጣሪያ አበጀ፤ ሥራ ላይ የዋለው ጥር 1 ቀን 1999 ነው። ፊዚካል ቴራፒና የንግግር ሕክምና ግን አንድ ጣሪያ እንዲጋሩ ተደረገ፤ ሕጉ ውስጥ አንዲት ኮማ በመጉደሏ ነው ይባላል። ኮንግረሱ ለዓመታት ሲያግደው፣ ሲያራዝመውና የተለየ ፈቃድ ሲሰጥበት ቆይቶ በየካቲት 2018 ሻረው። ዛሬ ያለው ማለፍ የሚቻል ገደብ ነው፤ በ2025 ለኦኩፔሽናል ቴራፒ 2,410 ዶላር ነበር። ከዚያ በላይ የሚሠራ ክሊኒክ ክሌሙ (ለመድን ሰጪው የሚላከው የክፍያ ጥያቄ) ላይ «ኬኤክስ» የሚለውን ምልክት ያስገባል፤ ምልክቱ ሕክምናው አስፈላጊ ስለመሆኑ መዝገቡ ውስጥ ማስረጃ አለ የሚል ቃል ነው። ምልክቱን ረስቶ የላከ ክሌሙ ውድቅ ይሆንበታል፤ ማስረጃ ሳይኖረው ያስገባ ደግሞ የበላውን ይመልሳል።

የጊዜ አቆጣጠሩን ካላወቁ ገንዘብ ሳይታወቅ ያልቃል። በደቂቃ የሚከፈሉ አገልግሎቶች በዩኒት ይቆጠራሉ፦ ከ8 እስከ 22 ደቂቃ 1 ዩኒት፣ ከ23 እስከ 37 ደቂቃ 2፣ ከ38 እስከ 52 ደቂቃ 3። ቴራፒስቱ በኮድ 97530 (ተግባር ተኮር ልምምድ) 24 ደቂቃ፣ በ97535 (ራስን የመንከባከብ ሥልጠና) 14 ደቂቃ ከሠራ ድምሩ 38 ነውና 3 ዩኒት ያስከፍላል። የመጀመሪያውን በ23 ደቂቃ ካቆመ ድምሩ 37 ይሆንና 2 ዩኒት ብቻ ያገኛል። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበርን አቆጣጠር የሚከተሉ የግል መድን ሰጪዎች ግን እያንዳንዱን ኮድ ለብቻው ስለሚያዩ ለዚያው 37 ደቂቃ 3 ዩኒት ይከፍላሉ። ስለዚህ ጸሐፊዋ የታካሚውን መድን ሳታይ አንዱን ሕግ በሁሉም ላይ ከጫነች ክሊኒኩ ወይ የራሱን ይተዋል ወይ የሌላውን ይወስዳል።

ሌሎቹ ነጥቦች አጫጭር ናቸው፤ ያለ እነሱ ግን ክሊኒክ አይቆምም። የግምገማ ኮዶቹ (97165፣ 97166 እና 97167 እንደ ውስብስብነቱ፣ 97168 ለድጋሚ ግምገማ) ከ2017 ጀምሮ ያሉ ሲሆን በደቂቃ አይቆጠሩም። የሕክምና ዕቅዱ ቢበዛ በየ90 ቀኑ በሐኪም መታደስ አለበት፤ የሂደት ሪፖርት ቢያንስ በየ10 የሕክምና ቀኑ ይጻፋል። በረዳት ቴራፒስት የተሰጠ አገልግሎት ከ2022 ጀምሮ የሚከፈለው የመደበኛው 85 በመቶ ነው። በአንድ ቀን ከአንድ በላይ አገልግሎት ሲሰጥ፣ ከክፍያው ውስጥ ለክሊኒክ ወጪ የሚታሰበው ድርሻ፣ ይህ ድርሻ ከፍተኛ ከሆነበት አገልግሎት በቀር፣ በሌሎቹ ላይ በግማሽ ይቆረጣል።

አዲስ ባለቤቶችን በብዛት የሚያሰናክሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት እንደ ሐኪም ከሜዲኬር ወጥቶ በግል ውል መሥራት አይፈቀድለትም፤ ሜዲኬር ያላቸውን አዛውንት ለተሸፈነ አገልግሎት «በካሽ ይክፈሉኝ» ያለ ሕግ ጥሷል። ሁለተኛው የእጅ ስፕሊንት፣ ማለትም እጅን ደግፎ የሚይዘው መሣሪያ ነው። ፕላስቲኩን 70 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ውሃ አለስልሶ እጅ ላይ መቅረጽ የሙያው እጅግ የሚያምር ጥበብ ነው፤ ይሁንና የስፕሊንቱን ዋጋ ከሜዲኬር ለማግኘት እንደ ሕክምና መሣሪያ አቅራቢ ለብቻው መመዝገብ ያስፈልጋል። ይህን ሳያውቅ 10 ስፕሊንት የሠራ የቁሳቁሱን ወጪ ራሱ ይችላል።

የክሊኒኩ ሒሳብ

ለማሳያ ያህል ቋሚ ወጪው በወር 12,000 ዶላር የሆነ ክሊኒክ እንውሰድ። ከአንድ ጉብኝት በአማካይ 90 ዶላር እጁ ይገባል (የሚልከው ክሌም ሳይሆን በእርግጥ የሚሰበስበው)፤ ጓንቱ፣ ፕላስቲኩና የክሌም አገልግሎቱ 15 ዶላር ይወስዳሉ። 12,000ን ለ75 ሲያካፍሉት 160 ጉብኝት ይመጣል፤ በ20 የሥራ ቀን በቀን 8 ማለት ነው። ቀጠሮ ይዘው የሚቀሩት 15 በመቶ ከሆኑ ግን 189 መያዝ አለበት። ብዙዎች ክሊኒክ ሲከፍቱ የሚያሰሉት 160ውን ነው። በዚያ ላይ ሜዲኬር በኤሌክትሮኒክ የተላከን ትክክለኛ ክሌም እንኳ ከ14ኛው ቀን በፊት አይከፍልም፤ ምዝገባው እስኪያልቅ ያለውም ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ቢያንስ የሦስት ወር ቋሚ ወጪ ሳይዙ በር መክፈት አይመከርም።

የሕክምናው ውጤት የሚለካው ደግሞ በታወቁ መለኪያዎች ነው። በካናዳ የተዘጋጀው ሲኦፒኤም ታካሚው ራሱ ዋና ያላቸውን እስከ 5 ችግሮች አውጥቶ አፈጻጸሙንና እርካታውን ከ1 እስከ 10 እንዲሰጥ ያደርጋል፤ 2 ነጥብና ከዚያ በላይ ለውጥ ትርጉም እንዳለው ይወሰዳል። ኩዊክዳሽ ለክንድና ለእጅ 11 ጥያቄዎች አሉት፤ ከአንድ በላይ ከተዘለለ ነጥቡ አይሰላም፤ ስለዚህ ታካሚው ከመውጣቱ በፊት ወረቀቱን ማየት የጸሐፊዋ ሥራ ይሁን። ትልቁ ስሕተት የመውጫ መለኪያውን የሚሞሉት ሕክምናቸውን የጨረሱት ብቻ መሆናቸው ነው። ያልተሻላቸው በመሃል ይቀራሉና አማካዩ ከእውነቱ በላይ ያማረ ይሆናል። በየ5 ጉብኝቱ የሚለካ ክሊኒክ ይህን በአብዛኛው ያቃልላል።

መለኪያው ዋጋ የሚኖረው ግቡ በትክክል ሲጻፍ ነው። «የእጅ ጥንካሬ ይሻሻላል» የሚል ግብ የመድን ሰጪ መርማሪ ፊት አይቆምም። «በ6 ሳምንት ውስጥ የሸሚዙን 5 አዝራሮች ያለ ሰው እርዳታ በ3 ደቂቃ ይቆልፋል» የሚለው ግን ሕክምናውንም ክፍያውንም ይዞ ይቆማል።

የሚያከራክሩ ጉዳዮች

ፕሮዳክቲቪቲ የሚባለው፣ ቴራፒስቱ ከሚከፈለው ሰዓት ስንቱን ለታካሚ አዋለ የሚለው መለኪያ ነው። 85 በመቶ የሚጠይቅ አሠሪ ከ480 ደቂቃ 408ቱን ይፈልጋል፤ ለማስታወሻ፣ ለስልክና ለመጸዳጃ የሚቀረው 72 ደቂቃ ነው። ማስታወሻው በችኮላ ሲጻፍ ክሌሙ ውድቅ እንደሚሆን የሙያው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ደቂቃን ማሳደድ ምን እንደሚያመጣ የአረጋውያን መንከባከቢያዎች ታሪክ ይነግራል። እስከ 2019 ድረስ የሜዲኬር ከፍተኛው ክፍያ በሳምንት 720 ደቂቃ ለደረሰ ታካሚ ስለነበር ብዙ ታካሚዎች ልክ እዚያ መስመር ላይ ይቆሙ ነበር። በጥቅምት 1 ቀን 2019 ክፍያው ከደቂቃ ሲላቀቅ ደግሞ ብዙ ቴራፒስቶች ከሥራ ተቀነሱ። የታካሚው ጉልበትና እጅ በአንድ ሌሊት አልተለወጠም።

ለሕፃናት የሚሰጠው የስሜት ሕዋሳት ውህደት ሕክምና (ለንክኪ፣ ለድምፅና ለእንቅስቃሴ የሚሰጡትን ምላሽ ለማስተካከል የታሰበ) ሌላው ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2012 ማስረጃው ውስን ነው ብሏል። ሕክምናው በትክክለኛው አሠራር ሲሰጥ ውጤት አለው የሚሉ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው፤ ቀደም ያሉት ጥናቶች ትክክለኛውን አሠራር ሁልጊዜ እንዳልተከተሉ ማመልከታቸውም ተገቢ ነው።

በኢትዮጵያ

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ፣ በአገሪቱ የመጀመሪያውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ ዲግሪ ትምህርት ጀምሯል። ከዚያ የሚወጣ ተመራቂ ክሊኒክ ቢከፍት የሜዲኬር ዩኒት አያስፈልገውም። የጉብኝት ሒሳቡና የሲኦፒኤም ወረቀቱ ግን ያስፈልጉታል፤ ወረቀቱን ከመጠቀሙ በፊት ከ1 እስከ 10 ነጥብ መስጠት ፊደል ላልቆጠሩ እናት በምን መልክ እንደሚቀርብ መሞከር ይኖርበታል።