ሰሙን ሳይለዩ ወርቅ ፍለጋ፦ በእንግሊዝኛ የሮክ ግጥሞች ላይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የእንግሊዝኛ ሮክ የሚወድ ሰው ለዓመታት ሲያንጎራጉረው የኖረውን ዘፈን ግጥም አንድ ቀን በጽሑፍ ሲያገኘው ግራ ይገባዋል። ቃላቱን አንድ በአንድ ቢያውቃቸውም ተገጣጥመው ምን እንደሚሉ አይጨበጥለትም። ከዚያ ወይ «ዜማው ይበቃኛል» ብሎ ይተወዋል፣ ወይ ከወዳጅ የሰማውን ማብራሪያ ይቀበላል። ከማብራሪያዎቹ ውስጥ ደግሞ ሰይጣን፣ አደንዛዥ ዕፅ ወይም ምስጢራዊ ማኅበር የማይገባበት ጥቂት ነው።

እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች ከቃል በታች ሌላ ቃል መፈለግ ይቀናናል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ይሁን እንጂ የቅኔ ተማሪ ወርቁን የሚያወጣው ሰሙን በሚገባ ከለየ በኋላ ነው። በሮክ ግጥም ውስጥ ሰሙ ብዙ ጊዜ አንድ የተወሰነ ቦታ፣ አንድ የልጆች መጫወቻ፣ አንድ የጎርፍ አደጋ ነው። እሱን ሳያውቁ የሚሰጥ ትርጓሜ ምን ያህል እንደሚያስት የሚያሳዩ፣ ደጋግሜ የምሰማቸውን አመለካከቶች ከዚህ በታች አነሣለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ቃላቱ የማይሰሙኝ እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ነው»

የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍ ቢ አይ፣ ራሱ አንድ የሮክ ዘፈን መስማት አቅቶት ያውቃል። በ1963 ኪንግስመን የተባለ የወጣቶች ባንድ በኦሪገን ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ «ሉዊ ሉዊ»ን ቀዳ። ማይክሮፎኑ ከዘፋኙ ከጃክ ኢሊ ራስ በላይ ከፍ ብሎ ተሰቅሎ ነበር። ወጣቱ ጥርሱ ላይ ማስተካከያ ሽቦ አለበት፣ አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ ይጮኻል፣ ከዙሪያው ደግሞ ከበሮውና ጊታሩ ያስተጋባሉ። ሸክላው ላይ የቀረው ድምፅ የተዳፈነ ሆነ። ወላጆች ግጥሙ ጸያፍ ነው ብለው ለባለሥልጣናት አቤት አሉ። መርማሪዎቹ ሸክላውን በተለያየ ፍጥነት እያዞሩ አዳመጡት፣ በመጨረሻም በየትኛውም ፍጥነት ቢጫወት ቃሉ የማይለይ ነው ብለው ፋይሉን ዘጉት።

ሪቻርድ ቤሪ በ1950ዎቹ የጻፈው ግጥም ግን ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። አንድ መርከበኛ ጃማይካ ላይ የምትጠብቀው ፍቅረኛው ናፍቃው፣ ብሶቱን ለመጠጥ ቤቱ አሳላፊ ያወራል። በቃ ይኸው ነው።

በ1969 ክሪደንስ ክሊርዎተር ሪቫይቫል «ባድ ሙን ራይዚንግ» ብለው ስለ ክፉ ጨረቃ መውጣት ሲዘፍኑ፣ እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት አሜሪካውያን «መታጠቢያ ቤቱ በስተቀኝ ነው» የሚል ሰምተዋል። የግጥሙ ደራሲ ጆን ፎገርቲም አንዳንድ ጊዜ መድረክ ላይ ሆን ብሎ በተሳሳተው መንገድ ይዘፍነዋል። ስለዚህ ጆሮዎን ከመውቀስዎ በፊት ግጥሙን በጽሑፍ ያንብቡት።

«እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው ግጥሙ በቀጥታ ይገባዋል»

ከሁሉም የከፋው ስሕተት ይህ ይመስለኛል። በእንግሊዝ አገር፣ ለልጆችና ለቤተሰብ በሚዘጋጁ የመዝናኛ ባዛሮች ላይ የሚቆም ረጅም የእንጨት ማማ አለ። ልጁ በማማው ውስጥ ባለው ደረጃ እስከ ጫፉ ይወጣል። ከዚያ ትንሽ ምንጣፍ ላይ ይቀመጥና፣ ማማውን ከውጭ በተጠመጠመው መንሸራተቻ ላይ እየተሽከረከረ፣ እየጮኸ መሬት ይደርሳል። ምንጣፉን አንሥቶ እንደገና ወደ ደረጃው ይሮጣል። የመጫወቻው ስም ሄልተር ስኬልተር ነው።

የቢትልስ ባንድ አባል ፖል ማካርትኒ በ1968 በዚሁ ስም ዘፈን ሲሠራ፣ ፍላጎቱ ቢትልስ እስከዚያ ካወጡት ሁሉ የባሰ የሚያስገመግም ነገር ማውጣት ነበር። እየወጡ የሚወርዱበት የልጆች መንሸራተቻ ለዚያ ሁካታ ተስማሚ ምስል ሆነለት። አሜሪካ ውስጥ ግን መጫወቻው በዚያ ስም እምብዛም አይታወቅም። በካሊፎርኒያ ተከታዮችን አሰባስቦ ይኖር የነበረው ቻርልስ ማንሰን ቃሉን በጥቁሮችና በነጮች መካከል ይነሣል ላለው የመጨረሻ ጦርነት መጠሪያ አደረገው። ቢትልስ በዘፈኖቻቸው ለእሱ መልእክት እየላኩ እንደሆነም ሰበከ። ተከታዮቹ በኦገስት 1969 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሰዎችን ሲገድሉ፣ ከቤቶቹ በአንዱ የማቀዝቀዣ በር ላይ ይህንኑ ቃል በሟቾች ደም ጻፉት፣ ያውም ፊደሉን አሳስተው።

እርግጥ ነው፣ የዚያ ሰው ጭካኔ ከአንድ ቃል አልመጣም። ቢሆንም እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሆኖ ሳለ፣ ማንኛውም የእንግሊዝ ሕፃን የሚያውቀውን ነገር አያውቅም ነበር። ቋንቋው አንድ ሆኖ አገሩ ሁለት ሲሆን እንዲህ ያለው ክፍተት ይፈጠራል። የሌድ ዘፔሊን «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» ውስጥ ያለውን የቁጥቋጦ አጥርና የሜይ ንግሥት የሚባለውን ስንኝም ብዙ ሰው እንደ አስማት ድግምት ይቆጥረዋል። አጥሩ በእንግሊዝ ገጠር ማሳን ከማሳ፣ ማሳን ከመንገድ የሚለየው፣ ወፍና ጃርት የሚጠለልበት የተለመደ አጥር ነው። ንግሥቲቱም በሜይ ወር መባቻ በሚከበረው የጸደይ በዓል ላይ የአበባ አክሊል የምትደፋ ልጃገረድ ናት።

«ከእያንዳንዱ ምስል ጀርባ የተሸሸገ ምስጢር አለ»

ጊታር መማር የጀመረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሞክራት ዜማ የዲፕ ፐርፕል «ስሞክ ኦን ዘ ዎተር» መግቢያ ናት። በውኃ ላይ የሚታየውን ጭስ አንዱ ዕፅ ነው ይላል፣ ሌላው የዓለም ፍጻሜ ነው ይላል። ጭሱ ግን የእውነት ጭስ ነበር።

ባንዱ በዲሴምበር 1971 ስዊዘርላንድ ውስጥ በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ወደምትገኘው ሞንትሩ ከተማ ሄደ። ዕቅዱ በከተማዋ ካዚኖ ውስጥ አልበም መቅዳት ነበር። ለዚህም የሮሊንግ ስቶንስን ተንቀሳቃሽ ስቱዲዮ፣ በጭነት መኪና ላይ የተገጠመውን ማለት ነው፣ ተከራይቷል። በወሩ 4ኛ ቀን አሜሪካዊው ሙዚቀኛ ፍራንክ ዛፓ ከራሱ ባንድ ጋር በካዚኖው አዳራሽ እየተጫወተ ሳለ፣ ከታዳሚዎች አንዱ የአደጋ ምልክት መተኮሻ ሽጉጥ ወደ ጣሪያው ተኮሰ። እሳቱ ሕንፃውን በላው። የሞንትሩ ጃዝ ፌስቲቫል መሥራች ክሎድ ኖብስ ወጣቶችን ከአዳራሹ ለማውጣት ተሯሯጠ። የዲፕ ፐርፕል አባላት ጭሱ ወርዶ በሐይቁ ላይ ሲንጣለል አዩት። ከቀናት በኋላ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ሮጀር ግሎቨር ከእንቅልፉ ሲነቃ የዘፈኑ ርእስ አፉ ላይ ነበር።

አሁን ግጥሙን ያንብቡት። ከተማዋ በስሟ ተጠርታለች፤ ዛፓ አለ፤ ሽጉጡን የተኮሰው ጅል አለ፤ ክሎድ አለ፤ ሰዎች ግራ የሚጋቡበት የሮሊንግ ስቶንስ «የመኪና ነገር» ያው ስቱዲዮው ነው። ካዚኖው ከተቃጠለ በኋላ ባንዱ ለክረምት ባዶ ወደ ነበረ ትልቅ ሆቴል ገብቶ በኮሪደሮቹ ውስጥ ቀረጻውን ጨረሰ፤ በግጥሙ መጨረሻ ላይ ያሉት አሮጌ አልጋዎችና ቀይ መብራቶች የዚያ ሆቴል ናቸው። ይህን ግጥም የምወደው ዜና ዘጋቢ እንዳየው ስለሚናገር ነው። ወርቅ ፍለጋ የገባበት ሰው ግን ይህን ሁሉ ሰው፣ ይህን ሁሉ ሩጫ ሳያይ ያልፈዋል።

«እንግዳ ምስል ከሆነ ዕፅ ነው፤ ዕፅ ካልሆነ ሰይጣን ነው»

«ሉሲ ኢን ዘ ስካይ ዊዝ ዳይመንድስ» የተባለው የቢትልስ የ1967 ዘፈን ዋና ዋና ቃላት የሚጀምሩባቸው የእንግሊዝኛ ፊደላት ኤል፣ ኤስ፣ ዲ ናቸው፤ ይህም የታወቀ የዕፅ ስም ነው። የዘፈኑ ደራሲ ጆን ሌነን ግን እስከ መጨረሻው የሚለው አንድ ነበር። ልጁ ጁሊያን ከመዋዕለ ሕፃናት የሣለውን ሥዕል ይዞ መጣና፣ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ሉሲ የምትባለው የክፍል ጓደኛው በአልማዝ መካከል በሰማይ ላይ እንደሆነች ተናገረ። በዘፈኑ ውስጥ ያለው የጀልባ ጉዞም ሌነን በልጅነቱ ከወደዳቸው የሉዊስ ካሮል መጻሕፍት የተቀዳ ነው። ዘመኑ ከዕፅ የጸዳ ነበር ማለቴ አይደለም፤ አልነበረም። ርእሱ ግን የሕፃን አንደበት ነው።

የኢግልስ «ሆቴል ካሊፎርኒያ» በ1976 በአልበም ከወጣ ጀምሮ የሰይጣን አምላኪዎች ቤት ነው፣ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነው ሲባል ኖሯል። ከጻፉት አንዱ ዶን ሄንሊ ከየዋህነት ወደ ኑሮ ትምህርት የሚደረግ ጉዞ እንደሆነ፣ የሎስ አንጀለስን ቅጥ ያጣ ቅንጦትም እንደሚያሳይ ደጋግሞ አስረድቷል። በሽፋኑ ላይ ያለው ሕንፃ የቤቨርሊ ሂልስ ሆቴል ነው። በጣም የሚገርመው ደግሞ፣ ሰው ሰይጣን የሚያይበት ስንኝ ለወዳጅ የተላከ ሰላምታ መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ስቲሊ ዳን የተባለው ባንድ በአንድ ዘፈኑ የኢግልስን ስም ጠቅሶ ነበር፤ ኢግልስም አውሬውን ስለሚወጉት የብረት ቢላዎች ሲጽፉ የእነሱን ስም በሚያስታውሰው «ስቲሊ» በሚለው ቃል ብድሩን መለሱ።

ዕፅ አለ የሚሉ ሰዎች በዚህ ዘፈን ውስጥ በአንድ ቦታ ልክ ናቸው። በመጀመሪያው ስንኝ በበረሃው ነፋስ ውስጥ የሚሸተው «ኮሊታስ» የስፔንኛ ቃል ሲሆን የካናቢስን አበባ ጫፍ ያመለክታል።

«ስሞቹ ለድምፅ ማማር የተደረደሩ ናቸው»

በኩዊን የ1975 ዘፈን «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» ውስጥ አንዳቸውም ስሞች ባዶ አይደሉም። ስካራሙሽ በጥንታዊው የጣሊያን የጭምብል ቲያትር የሚታወቅ ፎካሪ ፈሪ ነው። ፋንዳንጎ የስፔን ጭፈራ ነው። ፊጋሮ በኦፔራ የታወቀው ጸጉር አስተካካይ ነው። ቢልዜቡብ የተባለው በአማርኛው ወንጌል የምናውቀው ብዔል ዜቡል ነው፤ ቢስሚላህንም ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። የዘፈኑ ደራሲና የባንዱ ዘፋኝ ፍሬዲ መርኩሪ በዛንዚባር ከፓርሲ፣ ማለትም መነሻው ፋርስ ከሆነ የሕንድ ማኅበረሰብ፣ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነው። የዘፈኑን ጠቅላላ ትርጉም ለማብራራት ፈቃደኛ አልነበረም፤ የስሞቹ ምንጭ ግን ግልጽ ነው፤ አንዳንዶቹም ከቲያትርና ከኦፔራ መድረክ የመጡ ናቸው።

በተቃራኒው፣ ትርጉም እንዳይገኝበት ታስቦ የተጻፈም አለ። ሌነን በተማረበት ትምህርት ቤት የቢትልስ ግጥሞች በክፍል ውስጥ እየተተነተኑ እንደሆነ ከአንድ ተማሪ ደብዳቤ ሲደርሰው፣ በ1967 «አይ አም ዘ ዎልረስ»ን ተንታኞች እንዲቸገሩ አድርጎ ጻፈው።

«አዝማቹን ከያዙ ዘፈኑን ይዘዋል»

የብሩስ ስፕሪንግስቲን «ቦርን ኢን ዘ ዩ ኤስ ኤ» አዝማች በባንዲራ ሥር የሚጮኽ ኩራት ይመስላል። ስንኞቹ ግን ከቬትናም ጦርነት ተመልሶ ሥራ ስለ ተነፈገ፣ ኬ ሳን በተባለው የቬትናም የጦር ሜዳ ወንድሙን ስላጣ ሰው ይናገራሉ። አልበሙ በወጣበት በ1984 ፕሬዚዳንት ሬገን ኒው ጀርሲ ላይ ባደረጉት የምርጫ ቅስቀሳ የስፕሪንግስቲንን ዘፈኖች የተስፋ መልእክት አወድሰዋል፤ ዘፋኙ ግን በዚህ አልተደሰተም። በብዙ ሰርግ ላይ የሚዘፈነው፣ «ፖሊስ» የተባለው የሮክ ባንድ ዘፈን «ኤቭሪ ብሬዝ ዩ ቴክ»ም የሚያወራው የተለየችውን ሴት እግር በእግር ስለሚከታተል ሰው ነው።

«መዝገበ ቃላት ካለ ሌላ አያስፈልግም»

ሌድ ዘፔሊን በ1971 «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ»ን አወጡ። መዝገበ ቃላት ሌቪ ማለት የወንዝን ሙላት የሚገድብ የአፈር ክምር እንደሆነ ይነግረናል። ልክ ነው፤ ግን የዘፈኑን ሸክም አይነግረንም። ዘፈኑን መጀመሪያ በ1929 የቀዱት ካንሳስ ጆ ማኮይና ሜምፊስ ሚኒ ናቸው፤ መነሻውም የ1927 የሚሲሲፒ ወንዝ ጎርፍ ነበር። ግድቦቹ ተደረማመሱ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን አጡ። በሚሲሲፒ ግዛት በግሪንቪል ከተማ ጥቁር ሠራተኞች በታጠቁ ጠባቂዎች እየተገደዱ ግድቡ ላይ አሸዋ የተሞላ ጆንያ ተሸክመዋል፤ ውኃው ከመጣ በኋላም በዚያው ግድብ ላይ በካምፕ እንዲቆዩ ተደርገዋል።

ይህን ያወቀ ሰው በሌድ ዘፔሊን ዘፈን መጨረሻ ላይ ወደ ቺካጎ እሄዳለሁ የሚለው ድምፅ ለምን ቺካጎ እንዳለ አይጠይቅም። በዚያ ዘመን ከደቡቡ የጥጥ እርሻና ከዘር መድልዎ የሸሹ ጥቁር አሜሪካውያን ባቡር ተሳፍረው ከሚሄዱባቸው የሰሜን ከተሞች ዋነኛዋ ቺካጎ ነበረች። የብሉዝ ሙዚቀኛው ሙዲ ዎተርስም በ1943 ከሚሲሲፒ ተነሥቶ ወደዚያው ሄደ፤ ጊታሩን በኤሌክትሪክ መጫወት ጀመረ፤ በ1950 ያወጣው «ሮሊን ስቶን»ም ከ12 ዓመት በኋላ ለንደን ውስጥ ለተመሠረተ አንድ ባንድ ስም ሆነ።