ቡሊያን ምንድን ነው? «እውነት ማለት 1 ነው» ለሚሉ

«ቡሊያን ማለት 1 እና 0 ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።» ይህን አባባል በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጀማሪዎችን የሚያሳስት ነገር በእንዲህ ያለ እርግጠኝነት ሲነገር ዝም ማለት ይከብደኛል።

ቡሊያን በፕሮግራም ውስጥ አንዱ የዳታ ዓይነት ነው። ስሙ ከእንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ከጆርጅ ቡል እንደመጣ፣ ዋጋዎቹም እውነትና ሐሰት እንደሆኑ ይታወቃል። የሚዘነጋው ሌላ ነው፤ አንድ ቁጥር «እንደ እውነት ይቆጠራል» ማለትና «ከእውነት ጋር እኩል ነው» ማለት ይለያያሉ።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጎረቤቴ ጠዋት በሬን አንኳኩተው «ልጄ፣ ውሃ አለ?» ይሉኛል። «አለ፣ እማማ» እላለሁ። «ስንት ጀሪካን?» ካሉኝ ደግሞ «ሁለት» ነው መልሴ። ሁለቱም መልሶች ትክክል ናቸው። ታዲያ «አለ» እና «ሁለት» እኩል ናቸው?

የፕሮግራም ቋንቋዎች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ፓይተን 2ን ብቻውን ኢፍ («ከሆነ» የሚለው ትእዛዝ) ውስጥ ብታስገቡት እንደ እውነት ቆጥሮ ያሳልፈዋል፤ «2 == ትሩ» (2 ከእውነት ጋር እኩል ነው?) ብላችሁ ስትጠይቁት ግን ሐሰት ይላል። «አለ» የሚለውን እንደ አንድ ጀሪካን ስለሚቆጥረው ነው። ጃቫስክሪፕትም በ== ሲያነጻጽር እንደዚያው ያደርጋል። ፒኤችፒ ግን በተቃራኒው ሁለቱን ጀሪካን ወደ «አለ» ይለውጥና እኩል ናቸው ይላል። ሩቢ ትሩን ከ1 ጋር እንኳ አያስተካክልም፤ ዜሮንም ኢፍ ውስጥ ያሳልፋል፤ ባዶ ጀሪካንም ወረፋ ይይዛልና። ጃቫ፣ ጎ እና ራስት ደግሞ ቡሊያንና ቁጥር በ== እንዲነጻጸሩ ጭራሽ አይፈቅዱም። እኔ የማከብረው ይህን እምቢታ ነው።

«ፓይተን ውስጥ ትሩ 1 አይደለም ወይ?» ለሚለው ተከራካሪ፦ አዎ፣ እኩል ነው፤ ትሩ ሲደመር ትሩም 2 ይሰጣል። ነገር ግን ይህ የቡሊያን ትርጉም ሳይሆን የታሪክ ውርስ ነው። ራሱን የቻለ የቡሊያን ዓይነት ወደ ፓይተን የገባው በ2003 በወጣው 2.3 ነው። ከዚያ በፊት ሰው በ1 እና በ0 ይሠራ ስለነበር፣ የቆየው ኮድ እንዳይበላሽ ቡሊያን የኢንቲጀር (የሙሉ ቁጥር) ንዑስ ዓይነት ተደረገ።

ቅዳሜ ከሰዓት ከግቢያችን ልጆች ጋር ኮድ እንጽፋለን። አንዲት ተማሪ ውሃ ያለቀበትን ቤት የሚለይ ፕሮግራም በፓይተን ሠራች። አንድ ጀሪካን የቀረው ቤት «ውሃ አለው» ተባለ፤ አምስት ጀሪካን ያለው ቤት ግን «ውሃ የለውም» ከተባሉት ጋር ተመዘገበ። የስህተት መልእክት አልወጣም። መስመር በመስመር ስናነብ «ጀሪካን == ትሩ» የሚል አገኘን። «ጀሪካን > 0» ብላ አረመችው።

ሥራዬ ዳታቤዝ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ማይኤስኪውኤል ውስጥም ትሩ የ1 ሌላ ስም ነው፤ ያው ወጥመድ አለበት። ፖስትግሬስኪውኤል ቁጥርን ከቡሊያን ጋር አወዳድር ሲባል ስህተት ብሎ ይመልሳል። በሁለቱም ግን ነል (ዋጋው ያልታወቀ ወይም ያልተሞላ ቦታ) አለ፤ ነልን ከትሩ ጋር በእኩል ምልክት ብታነጻጽሩ መልሱ እውነትም ሐሰትም ሳይሆን እንደገና ነል ነው።

ይህን ስነግራት ልጅቷ ዝርዝሯን አየችና «ጋሼ፣ ቤታቸው የተዘጋውን ሁሉ ዜሮ ብዬ ነው የጻፍኩት» አለችኝ። አራት ቤቶች ነበሩ። ዜሮዎቹን አጥፍታ ቦታቸውን ባዶ ተወችው።