ለቤት ሥራ አርኬድ ካቢኔት የጆይስቲክና የበተን ሽቦ ዝርጋታ፦ ጎጃም ሆኖ ለሚሠራ ሰው አጠቃላይ ዳሰሳ

አርኬድ ካቢኔት ማለት ሞኒተር፣ ስፒከር፣ ኮምፒውተርና የመጫወቻ ፓነል አንድ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ተገጥሞ ቆመው የሚጫወቱበት የድሮ ጌም ማሽን ነው። እዚህ የሚወራው ስለ ሳጥኑ ብዙም አይደለም፣ ስለ ፓነሉ ሆድ ዕቃ ነው፣ ማለትም ጆይስቲኩና በተኖቹ በየትኛው ሽቦ አልፈው ኮምፒውተሩ ጋ እንደሚደርሱ። በአማርኛ የተጻፈው እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ይሄ ከአምራቾች የዕቃ መግለጫ፣ ከድሮ ማሽኖች የፒን ሰንጠረዥ (የትኛው ሽቦ የትኛው እግር ላይ እንደሚታሰር የሚያሳይ)ና ባሕር ዳር ላይ ልጆች ሲሠሩ ከታየው የተሰባሰበ ነው፣ ስለዚህ ሰነድ ያለበት ቦታ ረዘም ይላል ሌላው ጋ ያጥራል።

ጎጃምና ሙያው

ባሕር ዳርም ይሁን ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምም ይሁን ቡሬ ያደገ ልጅ የሚያውቀው ጆተኒ፣ ፑልና ኋላ የመጣውን ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ለሥራው የሚያስፈልገው እጅ ግን እዚሁ ሞልቷል። የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር ሲቋቋም ኤሌክትሪክ፣ ብረታ ብረትና እንጨት ሥራን አንድ ግቢ ውስጥ አስተምሯል፣ ካቢኔት ደግሞ የሚፈልገው እነዚህኑ ሦስቱን ሙያ ነው። ፖሊ እ.ኤ.አ. በ2000 ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ፣ ከተማው ግን እስከዛሬ ፖሊና ፔዳ ማለቱን አልተወም፣ ከፖሊ የወጣ ሰው ቴስተር ይዞ ሲቆም ደግሞ ያስታውቃል።

ከዛ ውጪ የባጃጅ ኤሌክትሪክ የሚሠሩት ልጆች አሉ። ኔጋቲቩን በቦዲው አድርገው ፖዘቲቩን ብቻ በየመብራቱ የሚበትኑበት አሠራር ቀጥሎ ከሚነገረው የጋራ ግራውንድ (የሁሉም ስዊች የጋራ መመለሻ ሽቦ) ጋር ሐሳቡ አንድ ነው፣ ስለዚህ ባጃጅ የሠራ ልጅ ፓነል ሽቦ ለመግባት አይቸገርም።

ታሪኩ

ለሽያጭ የወጣው የመጀመሪያው የሳንቲም ቪዲዮ ጌም እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው ኮምፒውተር ስፔስ ነው ይባላል፣ በ1972 የአታሪው ፖንግ ተከተለ። ያን ጊዜ ብዙ ማሽን የሚጠቀመው ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ምላስ እርስ በርስ የሚነካኩበትን ስዊች ነበር፣ ቀጭ የሚለው ማይክሮስዊች ኋላ ነው የተስፋፋው።

ትልቁ ችግር ግን ስዊቹ አልነበረም፣ ገመዱ ነበር። እያንዳንዱ ጌም የራሱ የፒን አደራደር ስለነበረው ባለቤቱ ጌሙን መቀየር ሲፈልግ ውስጡን በሙሉ እንደገና ሽቦ መዘርጋት ግድ ይለው ነበር። ይሄን የፈታው የጃፓን የመዝናኛ ማሽን አምራቾች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ጃማ የሚባለው ስታንዳርድ ነው። ጃማ 56 ንክኪ ያለው አንድ ሶኬት ነው፣ 28 በላይ 28 በታች፣ ጎን ለጎን ባሉት ንክኪዎች መሃል 3.96 ሚሊ ሜትር ርቀት። ቪዲዮው፣ ድምፁ፣ 5 ቮልቱ፣ 12 ቮልቱ፣ የሳንቲሙ፣ የጆይስቲኩና የበተኑ ሁሉ በዚህ አንድ ሶኬት ያልፋል። ለአንደኛ ተጫዋች ስታርት 17 ቁጥር ላይ ነው፣ ላይ 18፣ ታች 19፣ ግራ 20፣ ቀኝ 21፣ በተኖቹ ደግሞ 22፣ 23 እና 24። የሁለተኛው ተጫዋች ሽቦ ልክ በዛው ተራ ሶኬቱ የሚሰካበት የጌሙ ቦርድ ሌላኛው ገጽ ላይ ይቀመጣል፣ ግራውንዱ ሁለቱም ጫፍ ላይ አለ። 7 ቁጥር ላይ ንክኪ የለም፣ እዛ ጋ ሶኬቱ ተገልብጦ እንዳይገባ የሚከለክል ቁልፍ ይደረጋል፣ ምክንያቱም ከተገለበጠ ኃይሉ የማይገባው ቦታ ገብቶ ቦርዱን ያቃጥለዋል። ይሄን ሰንጠረዥ ያወጡ ሰዎች ሥራቸው በጣም የሚደነቅ ነው፣ ዛሬም ከውጭ የሚመጡ ብዙ ጌም የታጨቀባቸው የቻይና ቦርዶች ይሄንኑ ተራ ይዘው ነው የሚወጡት።

ጃማ ለአንድ ሰው ሦስት በተን ብቻ ነው ያሰበው። እ.ኤ.አ. በ1991 የካፕኮም ስትሪት ፋይተር ሁለት ስድስት በተን ይዞ ሲመጣ ለሦስቱ የእርግጫ በተኖች ሌላ ተጨማሪ ገመድ አስፈለገ፣ አሁን ፓነል ላይ በሁለት ረድፍ ሦስት ሦስት ተደርገው የሚቀመጡት ከዛ የመጣ ነው። በ1997 ሜም የሚባለው የድሮ ጌሞችን ኮምፒውተር ላይ የሚያስነሳ ፕሮግራም ወጣ፣ በ2012 ራስቤሪ ፓይ የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር መጣ፣ የቤት ሥራ ካቢኔት ከዛ በኋላ እየበዛ ሄደ።

ስዊቹ ውስጥ ያለው ነገር

አንድ በተን ማለት አንድ ማይክሮስዊች ነው፣ ሌላ ምንም ምስጢር የለውም። የአሜሪካ ዓይነቱ በተን ሥር ያለው ስዊች ሦስት እግር አለው፦ ኮመን (የጋራው)፣ ኖርማሊ ኦፕን (ሲጫን ከኮመኑ ጋር የሚገናኘው) እና ኖርማሊ ክሎዝድ (ሳይጫን የተገናኘው)። ለጌም የሚፈለገው ኮመንና ኖርማሊ ኦፕን ነው፣ ኖርማሊ ክሎዝዱ ባዶውን ይቀመጣል። በስህተት እሱ ላይ ከታሰረ በተኑ ሳይነካ እንደተጫነ ይቆጠራል፣ ሲጫኑት ደግሞ ይለቃል። የጃፓኖቹ፣ እንደ ሳንዋ ያሉት፣ ሁለት እግር ብቻ ስላላቸው የትኛውም ሽቦ የትኛውም እግር ላይ ቢሆን ለውጥ የለውም።

ተራው ጆይስቲክ ደግሞ አራት ስዊች ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ፣ ዱላው ወደ ላይ ሲገፋ ከፓነሉ ሥር ያለው ጫፉ ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ የሚጫነው በታች በኩል ያለው ስዊች ነው፣ "ላይ" የሚለው ሽቦ እዛ ነው መታሰር ያለበት፣ ግራና ቀኝም እንደዛው ነው። በዛ ላይ ሥራው የሚሠራው ፓነሉ ተገልብጦ ስለሆነ ግራው ቀኝ ሆኖ ይታያል። ባለሙያዎቹ የሚያደርጉት ፓነሉን ሳይገለብጡ ዱላውን እየገፉ ቀጭ ያለውን ስዊች በጣት ዳብሶ ማግኘትና ናስትሮ ለጥፎ መጻፍ ነው። ኮርነር ላይ ሲገፋ ሁለት ስዊች አንድ ላይ ይጫናል፣ ስምንት አቅጣጫ የሚባለው በዚህ ነው የሚገኘው እንጂ ስምንት ስዊች ኖሮት አይደለም።

የጋራ ግራውንድ

ለሁለት ሰው የተሠራ ፓነል ስምንት የጆይስቲክ ስዊች፣ አሥራ ሁለት በተን፣ ሁለት ስታርትና ሁለት የሳንቲም በተን ቢኖረው 24 ስዊች ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ሁለት ሽቦ ቢሄድለት 48 ሽቦ ይሆናል፣ ያን ሁሉ ማንም አይፈልግም። ስለዚህ የሁሉም ኮመን እግር በአንድ ጥቁር ሽቦ እንደ መቁጠሪያ ክር ይያያዝና መጨረሻው ኢንኮደሩ (ስዊቹን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ሰሌዳ) ግራውንድ ላይ ይታሰራል፣ ከየስዊቹ ሌላኛው እግር ደግሞ አንድ አንድ የሲግናል ሽቦ ብቻ ይወጣል። የግራውንዱ ሁለቱም ጫፍ ኢንኮደሩ ላይ ቢመለስ ይመረጣል፣ መሃል ላይ አንድ ቦታ ቢላቀቅ በሌላው በኩል ሁሉም መሥራቱን ይቀጥላል።

ኢንኮደሩ

ኢንኮደር ስዊቹን ለኮምፒውተሩ የሚተረጉመው ሰሌዳ ነው። በጣም ርካሹ ዜሮ ዲሌይ የሚባለው የዩኤስቢ ሰሌዳ ነው፣ ለአንድ ተጫዋች አንድ ያስፈልጋል፣ ለየበተኑ ባለ ሁለት ሽቦ የተዘጋጀ ኬብል ስላለው የግራውንድ ሰንሰለት እንኳ አያስፈልገውም። ዜሮ የሚለው ስም ማስታወቂያ ነው፣ መዘግየት የሌለው የዩኤስቢ ሰሌዳ የለም፣ ቤት ውስጥ ለሚጫወት ሰው ግን የሚሰማው አይመስለኝም። አይፓክ የሚባለው ወደድ ይላል፣ ራሱን እንደ ኪቦርድ ያቀርባል፣ ሜም ሲጫን የሚጠብቃቸውን ቁልፎች ስለሚልክ ሴቲንግ ሳይነካ ይሠራል፦ ለጆይስቲኩ አሮዎቹ፣ ለአንደኛው በተን ግራ ኮንትሮል፣ ለሁለተኛው ግራ አልት፣ ለሦስተኛው ስፔስ፣ ለሳንቲም 5 ቁጥር፣ ለስታርት 1።

ከአሮጌ ኪቦርድ ሰሌዳ አውጥቶ መሥራትም ይቻላል፣ እውነቱን ለመናገር ግን አይመከርም። ኪቦርድ በረድፍና በአምድ የተጠላለፈ ስለሆነ የጋራ ግራውንድ የለውም፣ ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ሲጫን አራተኛ ያልተነካ ቁልፍ ሊያስነሳ ይችላል፣ ሁለት ሰው ሲፋለም ደግሞ ይሄ ጨዋታውን ያበላሸዋል። ከዛ ይልቅ አርዱይኖ ሊዮናርዶ ወይ ፕሮ ማይክሮ የሚባሉት በኮድ የሚታዘዙ ትንንሽ ሰሌዳዎች ይሻላሉ፣ ራሱን እንደ ኪቦርድ ወይ ጌምፓድ ማቅረብ ይችላል፣ ኮድ የሚያውቅ የፖሊ ተማሪ ከሰዓት ተቀምጦ ይጨርሰዋል። ስዊች ሲነካ ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ ስለሚንቀጠቀጥ ኮዱ ውስጥ ያንን የሚያልፍ ትንሽ ጥበቃ መኖር አለበት።

ራስቤሪ ፓይ ያለው ሰው ቀጥታ ፒኖቹ ላይ ማሰርም ይችላል። 40 ፒን ባለው ሰሌዳ ግራውንዶቹ 6፣ 9፣ 14፣ 20፣ 25፣ 30፣ 34 እና 39 ናቸው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ነው፦ የፓይ ፒን ከ3.3 ቮልት በላይ አይችልም፣ 5 ቮልቱ ደግሞ እዛው አጠገቡ 2 እና 4 ላይ ስላለ አንድ የተሳሳተ ሽቦ ሰሌዳውን ይገድለዋል። መብራት ያላቸው በተኖች ከተገዙ የኤልኢዲው ሁለት እግር ለብቻው በ5 ወይ በ12 ቮልት ይሄዳል፣ ከስዊቹ እግር ጋር አይቀላቀልም።

ከገበያ የሚገኘው

ጆይስቲኩና ኢንኮደሩ ከውጭ ይመጣል፣ ሌላው እዚሁ ይገኛል። ብዙ ሰው የሚጠቀመው ሽቦ ከኔትወርክ ኬብል የሚወጣውን ነው፣ ስምንት ቀለም ስላለው ለመለየት ይመቻል፣ ዋጋውም አይጎዳም፣ ግን አንድ ወጥ መዳብ ከሆነ ፓነሉ ሲከፈትና ሲዘጋ አንገቱ ላይ ይሰበራል። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው የመኪና ሽቦ፣ 0.35 አካባቢ ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነው፣ የተሻለ ዕድሜ አለው።

ተርሚናሉን፣ ማለትም ስዊቹ እግር ላይ የሚሰካውን የሽቦ ጫፍ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጡት ጋ ጠይቅ። መኪና ላይ የተለመደው 6.3 ሚሊ ሜትሩ ነው፣ የአሜሪካ ዓይነት በተን 4.8 ይፈልጋል፣ የሳንዋ ደግሞ 2.8፣ ስለዚህ ስዊቹን ይዞ ሄዶ እዛው ማስገባት ነው። ሰፊውን በፒንሳ ጨብጦ ማጥበብ ለጊዜው ይይዛል፣ ሲመታ ሲመታ ግን ይላላል። ሶልደር ይሻላል ወይስ ተርሚናል የሚለው ላይ ሰዎች አይስማሙም፣ ሶልደር አይላቀቅም የሚሉት ልክ ናቸው፣ ግን ስዊች ሲሞት ካቢኔቱ ሥር ተንበርክኮ ሶልደር ማቅለጥ ስላለ ተርሚናል ነው የሚያዋጣው።

እንጨቱን በተመለከተ የጎጃም ዋንዛ አቻ የለውም፣ ለፓነሉ ግን 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ ወይ ኮምፔንሳቶ የሚመርጡ አሉ። ዋናው ነገር ውፍረቱ ነው፦ ቀጭ ብለው የሚገቡት የጃፓን በተኖች ለስስ ብረት የተሠሩ ስለሆኑ 18 ሚሊ እንጨት ላይ አይነክሱም፣ ረጅም ጥርስና ዳዶ ያላቸው የአሜሪካዎቹ ናቸው የሚመቹት። ቀዳዳው ለአሜሪካው ወደ 28 ሚሊ፣ ለጃፓኑ 30 ነው፣ የበር ቁልፍ የሚበሱበት ክብ መጋዝ ይሠራል።

ብልሽት ሲፈለግ

ቴስተሩን ድምፅ ላይ አድርጎ አንዱን ጫፍ ግራውንድ፣ ሌላውን ሲግናል ላይ ይዞ በተኑን መጫን ነው፣ ሲጫን ከጮኸ ሲለቀቅ ዝም ካለ ጤነኛ ነው። አንድ በተን ብቻ ከሞተ ሲግናሉን ወይ ስዊቹን ተመልከት። ግራውንዱ በአንድ ጫፍ ብቻ ታስሮ ከአንድ ቦታ ጀምሮ ተከታትለው ያሉት ሁሉ ከሞቱ ሽቦው የመጨረሻው የሚሠራውና የመጀመሪያው የሞተው በተን መሃል ላይ ተበጥሷል ማለት ነው።

መብራት ሲጠፋ የሚጎዳው ሽቦው አይደለም፣ የፓዩ ሚሞሪ ካርድ ነው፣ እየጻፈ ድንገት ከጠፋበት ፋይሉ ይበላሽና ካቢኔቱ ላይነሳ ይችላል፣ ስለዚህ ትንሽ ዩፒኤስ ማድረግና የካርዱን ኮፒ ማስቀመጥ ተገቢ ነው። ሁለት ዜሮ ዲሌይ የተጠቀመ ሰው ደግሞ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አንደኛውና ሁለተኛው ተጫዋች ቦታ ተቀያይረው ሊያገኛቸው ይችላል፣ ሁለቱ ሰሌዳዎች በስም አንድ ዓይነት ስለሆኑ ኮምፒውተሩ አይለያቸውም፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱን ሁልጊዜ በየራሳቸው የዩኤስቢ ቀዳዳ መሰካት ይፈታዋል።